በ1 ለ 0 ጨዋታ ባለቤትሽ ለምን ከመቀመጫው ተነሳ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ግን ቤዝቦል ነው የሚወደው። በቀደም አብረን አንድ የፕሮፌሽናል ጨዋታ አየን። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይተን 1 ለ 0 አለቀ። 8ኛው ኢኒንግ ላይ ገና 0 ለ 0 ነበሩ። አጥቂው ቡድን ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሰው ነበረው፤ አንድ ሰው አውት ሆኗል። የሚከላከለው ቡድን ቀጣዩን መቺ ሆን ብሎ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ላከው። ለተጋጣሚ እንዲህ ዓይነት ስጦታ ይሰጣል እንዴ? ከዚያ የመጣው መቺ ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት፤ እዚያው ቅርብ ተያዘች። በቃ፣ ምንም አልሆነም። ባለቤቴ ግን ተነስቶ አጨበጨበ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው ‹ዝም ብለሽ እዪ› አለኝ። እባክዎ ምን እንደነበር ያስረዱኝ።»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው «ይሄ ነገር አይገባኝም» ብሎ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል። አንቺ ግን የጨዋታውን ሁለት ትልልቅ ቅጽበቶች ነጥለሽ አወጣሽ። ትልቅ መሆናቸውን ብቻ ነው ማንም ያልነገረሽ።

እኔ ለብዙ ዓመታት ቤዝቦል በወረቀት ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ። መዝገቡ ላይ እያንዳንዱ መቺ አንድ ትንሽ ሳጥን አለው። ሳጥኑ ውስጥ የአልማዝ ቅርጽ አለ፤ አራቱ ጎኖች አራቱ ቤዞች መሃል ያሉት መንገዶች ናቸው። መቺው መጀመሪያው ቤዝ ከደረሰ አንድ ጎን ይሰመራል። ሁለተኛው ከደረሰ ሁለት። ዞሮ ሆም፣ ማለት መቺው የተነሳበት ቦታ፣ ከገባ አልማዙ ሙሉ በሙሉ ይቀባል፤ ያ ነጥብ ነው። 1 ለ 0 ያለቀ ጨዋታ መዝገብ ላይ የተቀባው አልማዝ አንድ ብቻ ነው። ሁለትና ሦስት ጎን ተሰምረው የቀሩት ግን ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። አንቺ ሰሌዳው ላይ ዜሮ እየደጋገምሽ ስታዪ፣ ባለቤትሽ እነዚያን ያልተጨረሱ አልማዞች ነበር የሚያየው።

ከተያዘችው ኳስ ልጀምር። ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚያጠቁበት ዙር ነው፤ መደበኛ ጨዋታ 9 አለው። አንድ ቡድን በአንድ ኢኒንግ ሦስት አውት ብቻ ነው ያለው፤ አውት ማለት አንድ መቺ ወይም ሯጭ ከተራው ተወገደ ማለት ነው። ሦስቱ ካለቁ ቤዝ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። ሦስተኛው ቤዝ ላይ ያለ ሯጭ ከሆም የሚርቀው 27 ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። አውቱ አንድ ብቻ ሲሆን እሱን ለማስገባት ጥሩ ምት እንኳ አያስፈልግም። መቺው ኳሷን ወደ ውጭ ሜዳ አርቆ ቢልካትና ብትያዝ ይበቃል። ሯጩ ኳሷ እስክትያዝ ቤዙ ላይ ይጠብቅና ወደ ሆም ይፈተለካል። መቺው አውት ሆነ፤ ነጥቡ ግን ገባ። በመሬት የምትንከባለል ቀርፋፋ ኳስም ልታስገባው ትችላለች።

አውቱ ሁለት ሲሆን እነዚህ መንገዶች ይዘጋሉ። የተያዘች ኳስ ሦስተኛ አውት ናት። በመሬት የሄደች ኳስም መጀመሪያው ቤዝ ላይ ከቀደመች ሦስተኛ አውት ናት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው በአብዛኛው እውነተኛ ምት ብቻ ነው። በሜጀር ሊግ፣ በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ ለብዙ ዓመታት የተሰበሰበው መዝገብ ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሰው ኖሮ አውቱ አንድ ሲሆን፣ ከ100 ጊዜ 65 ገደማ ቢያንስ አንድ ነጥብ ይገባል። አውቱ ሁለት ከሆነ ወደ 25 ገደማ ይወርዳል።

እንግዲህ አስቢው። 8ኛ ኢኒንግ ነው፤ 0 ለ 0 ናቸው፤ መጀመሪያ የገባ ነጥብ የመጨረሻውም ሊሆን ይችላል። ያቺ «ምንም ያልሆነባት» ኳስ ከግማሽ በላይ የነበረውን ዕድል ወደ ሩብ አወረደችው። ጨዋታው 10 ለ 2 ቢሆን ኖሮ ባለቤትሽ ቀና ብሎም አያያትም ነበር። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ እንዲህ ያለ ኳስ ሁልጊዜ በዕድል ብቻ አይመጣም። ጎበዝ ወርዋሪ እዚያ ሰዓት ላይ ከፍ አድርጎ፣ ወደ መቺው እጅ አስጠግቶ ይወረውራል። ኳሷ የዱላውን ወፍራም ክፍል ሳይሆን ወደ እጀታው ያለውን ቀጭኑን እንድታገኝ ነው። ከዚያ የሚወጣው ምት ብዙ ጊዜ አንቺ እንዳየሽው ነው፤ ሰማይ ይወጣል እንጂ አይርቅም። ባለቤትሽ ያጨበጨበው ለያዘው ሰው ሳይሆን ለወርዋሪው ይመስለኛል።

አሁን ወደ «ስጦታው»። ሆን ብሎ ዎክ መስጠት ይባላል። ድሮ ወርዋሪው አራት ኳስ ከመቺው አርቆ መወርወር ነበረበት። ከ2017 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሜጀር ሊግ አሰልጣኙ በእጁ ምልክት ብቻ ይሰጣል፤ መቺው ዱላውን ጥሎ ይሄዳል። ለዚህ ነው ድንገት የሆነ የመሰለሽ። ለምን እንደሚሰጥ ግን በደረቁ ከማስረዳሽ አንድ ጨዋታ ልንገርሽ። እኔ 1 ለ 0 ምን ማለት እንደሆነ ለሰው ማሳየት ስፈልግ ሁልጊዜ ወደዚህ ጨዋታ ነው የምመለሰው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1991፣ ሚኒያፖሊስ። የወርልድ ሲሪስ፣ ማለት የሜጀር ሊግ የዋንጫ ፍጻሜ፣ 7ኛውና የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ሚኒሶታ ትዊንስ ከአትላንታ ብሬቭስ። ሁለቱም ከዓመት በፊት በየምድባቸው መጨረሻ ነበሩ። ለሚኒሶታ የሚወረውረው የ36 ዓመቱ ጃክ ሞሪስ ነው፤ እዚያው ጎረቤት ሴንት ፖል የተወለደ። ለአትላንታ ደግሞ የ24 ዓመቱ ጆን ስሞልዝ። ስሞልዝ ልጅ እያለ የዲትሮይት ታይገርስ ደጋፊ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የዲትሮይት ዋና ወርዋሪ ደግሞ ይኸው ሞሪስ ነበር። ልጁ ሲያደንቀው ያደገውን ሰው ገጠመ ማለት ነው። ሰባት ኢኒንግ ሙሉ ሁለቱም ምንም አላስገቡም።

8ኛው ኢኒንግ ላይ አትላንታ ያጠቃል። ሎኒ ስሚዝ መትቶ መጀመሪያው ቤዝ ደረሰ። ቀጥሎ ቴሪ ፔንድልተን መጣ። ስሚዝ ውርወራው ሲጀመር ወደ ሁለተኛው ቤዝ መሮጥ ጀመረ፤ ወደ ኋላ ግን አላየም። ፔንድልተን ኳሷን በግራና በመሃል ሜዳ መካከል ርቃ እንድትሄድ መታት። ስሚዝ ዝም ብሎ ቢሮጥ ኖሮ ሆም ይገባ ነበር። የሚኒሶታ የውስጥ ሜዳ ተጫዋቾች፣ ቸክ ናብሎክና ግሬግ ጋግኒ፣ በመሬት የመጣች ኳስ ይዘው የሚወራወሩ መስለው ታዩ። እጃቸው ላይ ምንም አልነበረም። ስሚዝ ሁለተኛው ቤዝ ጋ ቆም አለ፤ ኳሷ የት እንዳለች ጠፋችበት። ሲያገኛት ረፍዶ ነበር፤ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆመ። እሱ ራሱ በኋላ በማስመሰሉ እንዳልተታለለ፣ ኳሷን አጥቶ እንደነበር ተናግሯል። እኔ አምነዋለሁ። በዚያ ጩኸት መሃል፣ ጣሪያው ነጭ በሆነ ዝግ ስታዲየም ውስጥ፣ ኳስ መጥፋት አይደንቅም። ግን ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ቢያይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ያም ሆኖ አትላንታ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሰው አለው፤ አውት የለም። ነጥብ የማይቀር ይመስላል። ሮን ጋንት ቀርፋፋ ኳስ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ጠባቂ መታ፤ አውት። ሯጮቹ ካሉበት አልተነቃነቁም። ቀጣዩ ዴቪድ ጀስቲስ ነው፤ አደገኛ መቺ። ሚኒሶታ እሱን በነፃ ላከው። ልክ አንቺ እንዳየሽው። ቤዞቹ በሙሉ ሞሉ።

ምን አተረፉ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጀስቲስን አመለጡ። ሁለተኛውና ትልቁ ግን ይህ ነው፦ መጀመሪያው ቤዝ ላይ ሰው ሲኖር ከኋላው የሚመጣው መቺ ይገፋዋል። ቤዞቹ ሁሉ ሲሞሉ ሁሉም ሯጭ ይገፋል፤ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ተከላካዩ ሯጩን በኳስ መንካት አይጠበቅበትም። ኳሷን ይዞ ቤዙን ከረገጠ አውት ነው፤ ሆም ላይም ቢሆን። ከአንድ ኳስ ሁለት አውት ማግኘትም ይቻላል። ዳብል ፕሌይ የሚባለው እሱ ነው። አደጋውን ጨምረው መውጫ በር ከፈቱ።

ቀጥሎ ሲድ ብሪም መጣ፤ ፈጣን ሯጭ አይደለም። በመሬት ወደ መጀመሪያው ቤዝ መታ። ኬንት ኸርቤክ አነሳት፣ ሆም ላይ ለቆመው ለካቸሩ ለብራያን ሃርፐር ወረወረ፤ አውት። ሃርፐር ለኸርቤክ መለሰ፤ አውት። ኢኒንጉ አለቀ። እኛ መዝጋቢዎች ይህንን 3-2-3 ብለን ነው የምንጽፈው፤ 3 የመጀመሪያው ቤዝ ጠባቂ ነው፣ 2 ካቸሩ። እንዲህ ያለ ዳብል ፕሌይ በጣም ጥቂት ጊዜ ነው የሚታየው። የዚያን ኢኒንግ የአትላንታ መዝገብ ብታዪው ስሚዝ ሦስት ጎን፣ ፔንድልተን ሁለት ጎን፣ ጀስቲስ አንድ ጎን ነው። ሰሌዳው ላይ ግን ዜሮ።

ወዲያው በዚያው ኢኒንግ ሚኒሶታ ተራውን ሲያጠቃ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። አንድ አውት፣ ቤዞቹ ሙሉ፤ እዚህም አንዱ መቺ፣ ከርቢ ፓኬት፣ ሆን ተብሎ በነፃ የተላከ ነው። ኸርቤክ ቀጥ ያለ ኳስ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ጠባቂ ወደ ማርክ ሌምኪ መታ። ሌምኪ በአየር ያዛት፣ ሯጩ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሳይመለስ ሄዶ ቤዙን ረገጠ። ዳብል ፕሌይ። አንድ ኢኒንግ፣ ሁለት ጊዜ የሞሉ ቤዞች፣ ሁለት ዳብል ፕሌይ፣ ዜሮ ለዜሮ። እኔ ከዚህ የበለጠ የታጨቀ ኢኒንግ አላውቅም።

9ኛውም ያለ ነጥብ አለቀ። የሚኒሶታ አሰልጣኝ ቶም ኬሊ ሞሪስን ሊያስወጣው ፈልጎ ነበር፤ ሞሪስ አልወጣም አለ። 10ኛውንም ወረወረ። በጠቅላላው 126 ውርወራ፣ 10 ኢኒንግ፣ ዜሮ ነጥብ።

ከዚያ ነጥቡ እንዴት እንደመጣ ተመልከቺ። 10ኛው ላይ ዳን ግላደን ዱላው እየተሰበረ መታ። ኳሷ ወደ ውጭ ሜዳ ወርዳ ሰው ሠራሹ ሳር ላይ ወደ ላይ ነጠረች። ግላደን አላመነታም፤ ሁለተኛው ቤዝ ድረስ ሮጠ። ጀማሪው ናብሎክ ቀጥሎ ባንት አደረገ። ባንት ማለት ዱላውን ሳያወናጭፉ ኳሷን ቀስ አድርጎ አጠገብ መጣል ነው። ናብሎክ አውት ሆነ፣ ግላደን ሦስተኛው ቤዝ ደረሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የጠባብ ጨዋታ ሒሳብ ከሌላው ጨዋታ የሚለየው እዚህ ነው። በተለመደው ጊዜ ባንት ኪሳራ ነው። አውት ውድ ነገር ነው፤ አውት ሰጥተሽ አንድ ቤዝ ስትገዢ በአማካይ የምታገኚው ነጥብ ይቀንሳል። ስለዚህ የዛሬ ቡድኖች ባንትን ብዙም አይወዱትም፤ ልክም ናቸው። ግን ግላደን ባለበት ቦታ የሚያስፈልገው ብዙ ነጥብ አይደለም፤ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሰው ኖሮ አውት ከሌለ፣ አንድ ነጥብ የማግኘት ዕድል ከ100 60 ገደማ ነው። ሦስተኛው ላይ ሆኖ አውቱ አንድ ሲሆን 65 ገደማ ይሆናል። ያቺን ትንሽ ጭማሪ ነው የገዙት። መጀመሪያው ቤዝ ላይ ያለን ሰው በባንት ወደ ሁለተኛው ማሻገር ግን በዚህ ሒሳብ እንኳ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። አንዳንድ አሰልጣኝ ይህን ሲያደርግ ሳይ አሁንም እበሳጫለሁ።

በነገራችን ላይ ከ2020 ወዲህ በሜጀር ሊግ መደበኛ የውድድር ጊዜ፣ ከ10ኛው ኢኒንግ ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሰው አስቀምጦ ነው የሚጀምረው። ግላደን የነበረበት ቦታ ማለት ነው። ከመደበኛው ጊዜ በኋላ በሚደረጉት የዋንጫ ጨዋታዎች (ፖስት ሲዝን) ይህ ሕግ የለም። ድንገት ማንም ሳይመታ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሰው ብታዪ እንዳይገርምሽ።

አትላንታ ምን አደረገ? ፓኬትንም ኸርቤክንም በነፃ ላከ። ቤዞቹ እንደገና ሞሉ፤ ሆም ላይ አውት ለማግኘት። የውጭ ሜዳ ተጫዋቾቹም ወደ ፊት ተጠጉ። ርቃ የምትሄድ ኳስ ብትያዝም ግላደን ይገባል፤ ስለዚህ ርቆ መቆም አይጠቅምም። ጉልበቱን የሚያመው ጂን ላርኪን በሌላ ሰው ምትክ ሊመታ ገባ። በመጀመሪያው ውርወራ ኳሷን ከፍ አድርጎ ወደ ግራ መሃል ላካት። በሌላ ቀን፣ በሌላ ኢኒንግ፣ ያቺ ኳስ በቀላሉ የምትያዝ ናት። እዚያ ግን የሚይዛት ሰው አልነበረም። ግላደን ሆም ላይ በሁለት እግሩ ዘሎ አረፈ። 1 ለ 0።

ታዲያ ዝቅተኛ ውጤት ሁሉ ጥሩ ነው አልልሽም። በ1968 ወርዋሪዎች ከመጠን በላይ በረቱ። የሴንት ሉዊሱ ቦብ ጊብሰን በ9 ኢኒንግ በአማካይ የገባበት 1.12 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በተከላካዮች ስህተት የገቡት ሳይቆጠሩ። ሊጉ በ1969 ወርዋሪው የሚቆምበትን ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች አወረደው፤ የስትራይክ ክልሉንም፣ ማለት ውርወራ ትክክል ተብሎ በመቺው ላይ የሚቆጠርበትን ቦታ፣ አጠበበ። ጥሩ አደረገ። እኔ የምወደው ሯጭ የሞላበትን ዜሮ ነው። መቺው ሁሉ በሦስት ስትራይክ አውት እየሆነ እየተመለሰ፣ በአንድ ሆም ራን (ከአጥር ውጭ በምትወጣ ምት) የሚያልቅ 1 ለ 0 ያን ያህል አይጥመኝም።

ነጥብ ያለ ምንም ምት ሊመጣ እንደሚችልም እወቂ። በ1965 ሳንዲ ኩፋክስ ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲወረውር ከቺካጎ ከብስ አንድም ሰው ቤዝ ሳይደርስ ጨዋታውን ጨረሰ። ዶጀርስም ያሸነፈው 1 ለ 0 ነበር። ያቺ ነጥብ እንዴት መጣች? ሉ ጆንሰን በዎክ መጀመሪያው ቤዝ ደረሰ። በባንት ሁለተኛው። ሦስተኛውን ሲሰርቅ፣ ማለት ምት ሳይጠብቅ ሮጦ ሲይዝ፣ ካቸሩ ኳሷን አበላሽቶ ወረወረ፤ ጆንሰን ገባ። ምት የለም። በዚያ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ላይ ያገኙት ምት አንድ ነው፤ እሱም የዚሁ ጆንሰን፣ ከዚያ በኋላ።

ሌላው ባለቤትሽ እያየ የነበረው ነገር የወርዋሪው ድካም ነው፤ ይህ ዛሬ ትልቅ ክርክር ነው። መቺዎች ያንኑ ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኙት የበለጠ ይመቱታል፤ ይህ በመዝገብ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቡድኖች ቀድመው ይቀይራሉ። በ2020 የወርልድ ሲሪስ 6ኛ ጨዋታ፣ እሱም ኦክቶበር 27 ነበር፣ የታምፓ ቤይ ሬይስ ብሌክ ስኔል 1 ለ 0 እየመራ፣ 73 ውርወራ ብቻ ወርውሮ፣ 9 ሰው በስትራይክ አስወጥቶ ነበር። 6ኛው ላይ አንድ ሰው ቤዝ ደረሰበትና አሰልጣኙ ኬቨን ካሽ አስወጣው። ቀጣዩ መቺ ሙኪ ቤትስ ወዲያው አዲሱን ወርዋሪ መታው። በዚያው ኢኒንግ ዶጀርስ 2 ለ 1 መራ፤ በ3 ለ 1 ዋንጫውን ወሰደ። ካሽ ላደረገው ነገር ምክንያት ነበረው፤ ቁጥሩም ይደግፈው ነበር። እኔ ግን ስኔልን አላስወጣም ነበር። የዚያን ቀን ኳሱ ምን ትሠራ እንደነበር ዓይን ላለው ሰው ሁሉ ይታይ ነበር። የሞሪስና የስኔል ምሽቶች በ29 ዓመት ልዩነት አንድ ቀን ላይ መዋላቸው ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በሚቀጥለው ጊዜ ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ ከባለቤትሽ አጠገብ ተቀመጪ። ሁሉን ነገር ለመመዝገብ አትድከሚ። ለእያንዳንዱ መቺ ትንሽ አልማዝ ሳዪና የደረሰበትን ያህል ጎን አስምሪ፤ አውት ሲሆን በጎኑ ቁጥሩን ጻፊ። ከ7ኛው ኢኒንግ በኋላ ኳሷ ከመወርወሯ በፊት ዓይንሽን ወደ ውጭ ሜዳ አንሺ። ተጫዋቾቹ ወደ ፊት ተጠግተው ካየሽ፣ ባለቤትሽ ከመነሳቱ በፊት አንቺ ትነሺያለሽ። ያን ቀን ያያችሁት የ8ኛው ኢኒንግ ሰው አልማዝም በመዝገብ ሦስት ጎን ተሰምሮ ነው የቀረው። ባለቤትሽን ያስነሳችው አራተኛዋ፣ ያልተሰመረችው ጎን ናት።